መሬት ስር የተቀበረው ጋዝ እዚያው መኖሩን በምን ያውቃሉ?

ኦገስት 2025 ላይ ከኖርዌይ አንድ ዜና ወጣ። ከሲሚንቶ ፋብሪካ ጭስ የተለየ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመርከብ ተጭኖ ወደ አገሪቱ ምዕራባዊ ዳርቻ ተወሰደ፣ ከዚያ 100 ኪሎ ሜትር በሚሆን ቧንቧ ባህር አቋርጦ፣ ከባህሩ ወለል 2,600 ሜትር በታች ያለ ድንጋይ ውስጥ መግባት ጀመረ። ፕሮጀክቱ ኖርዘርን ላይትስ ይባላል። እንዲህ ዓይነት ዜና በመጣ ቁጥር አብሮት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «እሺ ቀበራችሁት፤ ነገ ሾልኮ ቢወጣ ማን ያየዋል?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የአየር ንብረቱ ጥቅም ያለው ጋዙ እዚያው ከቀረ ብቻ ነው። እዚያው መቅረቱን የሚናገር ደግሞ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ወርዶ ማየት የማይችል ሰው ነው። ደግነቱ ጉዳዩ አዲስ አይደለም፤ ከ1996 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል፣ በደንብ የተመዘገቡ ታሪኮችም አሉት። አንዳንዶቹ ደስ የሚሉ አይደሉም፣ እንደ እኔ ግን ብዙ የሚያስተምሩት እነሱ ናቸው።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቆይ፣ ጋዝ ድንጋይ ውስጥ እንዴት ይገባል?

ብዙ ሰው መሬት ስር ትልቅ ዋሻ ያለ፣ ጋዙም እዚያ የሚነፋ ይመስለዋል። ዋሻ የለም። ያለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። በአሸዋው ቅንጣቶች መሃል በዓይን የማይለዩ ክፍተቶች አሉ፤ ክፍተቶቹ ሊጠጣ በማይችል ጨዋማ ውሃ ተሞልተዋል። ጋዙ በግፊት ሲገባ ውሃውን ገፋ አድርጎ ቦታውን ይይዛል።

ከ800 ሜትር ገደማ በታች ግፊቱም ሙቀቱም ስለሚጨምር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጸባዩን ይለውጣል። ሙቀቱ ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግፊቱ ደግሞ ከ74 ባር ሲያልፍ (ይህ ማለት እኛ ከምንኖርበት የአየር ግፊት ከ70 እጥፍ በላይ ነው) ወደ ፈሳሽ የሚጠጋ ክብደት ይኖረዋል፣ እንደ ጋዝ ደግሞ በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በትንሽ ቦታ ብዙ ይታጨቃል። ግን አሁንም ከጨዋማው ውሃ ይቀላል፣ ስለዚህ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ለዚህ ነው ከአሸዋ ድንጋዩ በላይ ፈሳሽ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ የሸክላ ድንጋይ መኖር ያለበት። ክዳን ድንጋይ እንበለው።

ከጊዜ በኋላ ከፊሉ ጋዝ በክፍተቶቹ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከፊሉ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ ከፊሉም በጣም ረጅም ጊዜ ወስዶ ራሱ ማዕድን ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ዋናው መከታ ክዳኑ ነው።

ታዲያ የማይታየውን በምን ያዩታል?

በዋነኛነት በድምፅ። ጠላ ሲጠመቅ ያደገ ሰው ጋኑን ሳይከፍት ምን ያህል እንደቀረ ይነግርሃል። ጎኑን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ባዶው ጋ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ሳይዝሚክ ቅኝት የሚባለው በትልቁ ይኸው ነው።

ባህር ላይ ሲሆን መርከብ በየጥቂት ሰከንዱ የታመቀ አየር ውሃው ውስጥ ይለቃል። ድምፁ የባህሩን ወለል አልፎ ይወርዳል፣ የድንጋዩ ዓይነት በተለወጠበት ቦታ ሁሉ ከፊሉ እያስተጋባ ይመለሳል። መርከቡ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝሙ ገመዶች ከኋላው ይጎትታል፤ ገመዶቹ ላይ የድምፅ መቀበያዎች ተደርድረዋል። ድምፁ ለመመለስ ስንት ጊዜ ወሰደበት፣ ሲመለስስ ምን ያህል ጠንካራ ነበር ከሚለው ተነስቶ ኮምፒውተር የከርሰ ምድሩን ምስል ይሠራል።

ብልሃቱ መደጋገሙ ላይ ነው። ጋዙ ሳይገባ አንዴ ይቀረጻል። ከገባ በኋላ በየጥቂት ዓመቱ በዚያው መስመር፣ በተቻለ መጠን በዚያው አኳኋን ይደገማል። ከዚያ አዲሱን ምስል ከአሮጌው ይቀንሱታል። ያልተለወጠው ድንጋይ ይጠፋል፣ የተለወጠው ብቻ ይቀራል። ባለሙያዎች ባለ አራት ገጽታ ይሉታል፤ ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት ሦስት፣ ጊዜ አራተኛ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የመጀመሪያው ቅኝት ካልተሠራ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገኝም። ጋዙ አንዴ ከገባ «ከመግባቱ በፊት» የሚባል ነገር የለምና።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለዚህ ዘዴ ምቹ ነው። ለምሳሌ ስላይፕነር በሚባለው የሰሜን ባህር መስክ (ወደ እሱ አሁን እንመጣለን) አሸዋ ውስጥ ድምፅ በውሃ በተሞላው ክፍል በሰከንድ 2,050 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጋዙ ሲገባበት ወደ 1,450 ሜትር ይወርዳል። እንዲህ ያለ ልዩነት ምስሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ስላይፕነር ላይ ምን ታየ?

ስላይፕነር በሰሜን ባህር የሚገኝ የኖርዌይ የጋዝ መስክ ነው። ከዚያ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ እስከ 9 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት፤ ለገበያ የሚቀርበው ግን ከ2.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ትርፉ መለየት ነበረበት። ድሮ ቢሆን ወደ አየር ለቀው ይገላገሉት ነበር። ኖርዌይ ግን በ1991 የካርቦን ግብር ጣለች። ድርጅቱ (ያኔ ስታትኦይል፣ ዛሬ ኢኩዊኖር) ሂሳቡን ሲያሰላ መቅበሩ አዋጣው። በ1996 በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ጋዝ ኡትሲራ የሚባል የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ማስገባት ጀመረ፤ ከባህር ጠለል 1,000 ሜትር ያህል በታች።

መነሻው ቅኝት በ1994 ተሠርቶ ነበር። የመጀመሪያው ድግግሞሽ በ1999 መጣ። ጋዙ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጥቶ ክዳኑ ሥር ደርሷል። ደግሞም አንድ ወጥ ክምችት ሆኖ አልተገኘም። በዘጠኝ ንብርብር ተከፋፍሎ፣ አንዱ ካንዱ በላይ ተዘርግቶ ነው የታየው። አሸዋው ውስጥ ቀጫጭን የሸክላ ንጣፎች መኖራቸው በጉድጓድ ምርመራ ይታወቅ ነበር፤ አብዛኞቹ 1 ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። እነዚያ ሚጢጢ ንጣፎች ጋዙን እንዲህ እያቆሙ በጎን ያስኬዱታል፣ እሱም ቀዳዳ እየፈለገ ወደሚቀጥለው ይወጣል። ይህን የተናገረው ምስሉ ነው።

ሌላ የሚገርም ነገርም ወጣ። ከጋዙ በታች ያሉ ድንጋዮች ወደ ታች የሰመጡ መስለው ታዩ። አልሰመጡም። ድምፁ በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚዘገይ ከእነሱ የሚመለሰው ዘግይቶ ይደርሳል፤ የዘገየ ድምፅ ደግሞ ምስሉ ላይ ጥልቅ ሆኖ ይወጣል። ባለሙያዎቹ ይህን መዘግየት ራሱን ተጠቀሙበት፤ ከላይ ምን ያህል ጋዝ እንዳለ ለመገመት ይረዳል።

ከዚያ በኋላ ቅኝቱ ብዙ ጊዜ ተደግሟል። ዋናው ክዳን ድንጋይ ሲታለፍ አልታየም።

ድምፁ የማይነግረንስ ነገር የለም?

አለ፣ ሁለት ትልልቅ ነገሮች። አንደኛ፣ ጥቂት ጋዝ እንኳን ሲገባ የድምፁ ፍጥነት ወዲያው ወርድ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቢጨመርበት ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ «እዚህ ጋዝ አለ» ማለት ቀላል ሲሆን «ስንት ነው» ማለት ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟ ጋዝ ለድምፅ ከተራ ውሃ አይለይም። ከምስሉ ይሰወራል። አመለጠ ወይስ ሟሟ? ድምፁ ብቻውን አይመልስም።

እዚህ ላይ ስበት ይመጣል። ከባድ ውሃ በቀላል ጋዝ ሲተካ ከላይ ያለው የመሬት ስበት በጣም፣ በጣም በጥቂቱ ይቀንሳል። ስላይፕነር ላይ የባህሩ ወለል ላይ የኮንክሪት መቆሚያዎች ተቀመጡ፤ ከ2002 ጀምሮ በየተወሰነ ዓመት በርቀት የሚመራ የባህር ውስጥ ማሽን የስበት መለኪያውን እያንዳንዱ መቆሚያ ላይ እያሳረፈ ይለካል። መለኪያው የሚለየው ልዩነት ከምድር ስበት የቢሊዮን ጥቂት እጅ ነው። ማዕበል፣ የመቆሚያው መስመጥ፣ ከሥር ካለው መስክ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ ሁሉ ልኩን ያዛቡታል፤ አንድ በአንድ ተሰልተው ይቀነሳሉ። በዚህ መንገድ የሚሟሟው ጋዝ በዓመት ከ2 በመቶ ገደማ እንደማይበልጥ ማስላት ተችሏል።

ስበት በበኩሉ ምስሉ ድፍን ያለ ነው፤ ንብርብሮቹን አይለይም። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ወሬው የሚሟላው።

የብስ ላይስ? የአልጄሪያው በረሃ

ኢን ሳላህ በሰሐራ መሃል ያለ የጋዝ ፕሮጀክት ነው። ሶናትራክ፣ ቢፒና ስታትኦይል ነበሩ ባለቤቶቹ። በ2004 ክሬችባ በሚባለው መስክ በሦስት ጉድጓዶች በኩል ወደ 1,900 ሜትር ጥልቀት ማስገባት ጀመሩ። የአሸዋ ድንጋዩ ግን 20 ሜትር ገደማ ብቻ ውፍረት ያለው፣ ፈሳሽ በቀላሉ የማያሳልፍ ነበር።

ዋናውን ምስክርነት የሰጠው ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ወደ መሬት የራዳር ሞገድ ይልካል፣ ተመልሶ ሲመጣ ይቀበላል፤ ከሳምንታት በኋላ በዚያው ሰማይ ሲያልፍ ይደግመዋል። ሁለቱ ሲነጻጸሩ መሬቱ ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ በሚሊ ሜትር ደረጃ ይታወቃል። ዛፍና እርሻ ያለበት ቦታ ሞገዱን ስለሚያምሰው ይቸግራል። ባዶ በረሃ ግን ተመራጭ ነው።

የታየው ይህ ነው፦ ከሦስቱም ጉድጓዶች በላይ መሬቱ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እያለ ነበር። ከእግርህ በታች ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ የሚገባ ጋዝ በረሃውን ቀና ያደርገዋል! በአንደኛው ጉድጓድ ላይ ያለው እብጠት ግን ለየት አለ። አንድ ጉብታ መሆን ሲገባው ጎን ለጎን ሁለት ጉብታ ሆኖ መሃሉ ዝቅ ብሎ ታየ። ይህ ቅርጽ ለሚያውቀው ብዙ ይናገራል፦ ከሥር ቀጥ ብሎ የቆመ ስንጥቅ ሲከፈት ነው መሬት እንዲህ የሚሆነው። የኋላ ኋላ የተሠሩ ትንተናዎች ግፊቱ ወደ ክዳኑ የታችኛው ክፍል የሚገባ ስንጥቅ እንደከፈተ አመለከቱ። ክዳኑ ወፍራም ስለሆነ አልተበሳም። ቢሆንም በ2011 ሥራው ቆመ፤ እስከዚያ ወደ 3.8 ሚሊዮን ቶን ገብቷል።

በነገራችን ላይ ያኔ በረሃውን ካዩት ሳተላይቶች አንዱ የአውሮፓው ኤንቪሳት ነበር። ሴፕቴምበር 2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ላይ ሲላቀቅ፣ በቦታው እስከ 8 ሜትር ድረስ መከፈቱን ለመለካት ያገለገለውም ይኸው ሳተላይት ነው። አፋር ላይ የተንቀሳቀሰው ቅልጥ አለት ነው እንጂ የተቀበረ ጋዝ አይደለም፤ የመለኪያው ዘዴ ግን አንድ ነው።

ጉድጓዱ ራሱ ምን ይላል?

አንዳንዴ ትልቁን ነገር የሚናገረው በጣም ተራው መሣሪያ ነው፦ ጉድጓድ ውስጥ ያለ የግፊት መለኪያ። ስኖቪት በሚባለው የባሬንትስ ባህር የኖርዌይ ፕሮጀክት፣ በ2008 ወደ 2,600 ሜትር ጥልቀት ማስገባት ሲጀመር ግፊቱ ከተጠበቀው በላይ ሽቅብ ወጣ። ድንጋዩ ሰፊ ይመስል ነበር። በ2009 የተደገመው ሳይዝሚክ ቅኝት ሲታይ ጋዙ በተወሰነ የአሸዋ ሰርጥ ውስጥ ታጥሮ ነበር። ግፊቱ ድንጋዩን ሊሰነጥቅ ወደሚችልበት ልክ ከመድረሱ በፊት፣ በ2011 ከላይ ወዳለ ሌላ ድንጋይ አዞሩት። ችግሩ በዚሁ አበቃ።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ስላይፕነር ላይ ንብርብሩ፣ ኢን ሳላህ ላይ ስንጥቁ፣ ስኖቪት ላይ ጥበቱ። ሦስቱም ጋ ከምድር በታች ያለው ነገር ከመነሻው ግምት ጋር አልገጠመም። ሰዉ ክትትል ሲባል የሚመስለው ጋዝ ሲያመልጥ የሚጮህ ደወል ነው፤ አብዛኛው ሥራ ግን ኮምፒውተር ላይ የተሠራውን ግምት ከታየው ጋር እያስተያዩ ማረም፣ ካልሆነም ዕቅዱን መቀየር ነው። የሚያሳስበኝ ግምቱ ልክ ወጣ ብሎ መለካት የሚያቆም ፕሮጀክት ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ያመጣል ይባላል፣ እውነት ነው?

ከፊል እውነት አለው። በግፊት የሚገባ ፈሳሽ ነባር ስንጥቆችን ሊያላላ ይችላል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ዲካተር ከተማ ከ2011 እስከ 2014 ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ሲገባ፣ የተተከሉት መሣሪያዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ንዝረቶችን መዝግበዋል። አብዛኞቹ ሰው ሊሰማቸው ከሚችለው እጅግ ያነሱ ናቸው። ቦታቸው ካርታ ላይ ሲነጠብ ግን መስመር መስመር እየሠሩ መጡ፤ ከሥር ባለው ጠንካራ አለት ውስጥ ያሉ፣ ቀድሞ ያልታወቁ ስንጥቆች ናቸው። ስለዚህ ንዝረቱ ራሱ ለክትትሉ መረጃ ሆነ።

በጃፓን ቶማኮማይ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ከ2016 እስከ 2019 ወደ 300,000 ቶን ተቀበረ። በመሃሉ፣ ሴፕቴምበር 2018 ላይ ከቦታው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሆካይዶን በመጠን 6.7 የሆነ ብርቱ መንቀጥቀጥ መታት። «ጋዙ ነው ያመጣው» የሚል ወሬ ወዲያው ተነሳ። የመንቀጥቀጡ መነሻ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ነበር፣ ጋዙ ደግሞ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ። መለኪያዎቹ ከመንቀጥቀጡ በፊትም በኋላም የፍሳሽ ምልክት አላሳዩም፤ ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎችም ግንኙነት የለውም አሉ። ያን ሁሉ በልበ ሙሉነት ለመናገር የቻሉት መሣሪያዎቹ ቀድመው ተተክለው ስለነበር ነው።

ካመለጠስ? እንደ ኒዮስ ሐይቅ ይሆናል?

ይህን ፍርሃት የሚያነሱ ሰዎች ምክንያት አላቸው። ኦገስት 1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ ድንገት የወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,700 ያህል ሰው ገድሏል። ጋዙ አይነድም፣ አይፈነዳም። ግን ከአየር ይከብዳል፤ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ያፍናል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኒዮስ ላይ ጋዙ ሐይቁ ሥር ውሃ ውስጥ ተጠራቅሞ ነበር፣ ውሃው ሲገለበጥ ባንዴ ወጣ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች፣ በጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ የተበተነ ጋዝ ግን እንዲያ ግልብጥ ብሎ የሚወጣበት መንገድ የለውም። ይበልጥ የሚያሰጋው መንገድ ሰው የቆፈረው ነው፤ አሮጌ የነዳጅ ጉድጓድ፣ በደንብ ያልተደፈነ ሲሚንቶ፣ የዛገ ብረት። ዲካተር ላይ በ2024 የሆነው ይኸው ነው። አንድ ጥልቅ የክትትል ጉድጓድ (አዎ፣ ለመከታተያ የተቆፈረው ራሱ!) ብረቱ ዝጎ ፈሳሽ ወዳልተፈቀደ ድንጋይ አሳልፎ ተገኘ። መጠጥ ውሃ ላይ አልደረሰም ተብሏል፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግን ደንብ ተጥሷል ብሎ እርምጃ ወስዷል።

ላይ ላዩን ደግሞ የአፈር ጋዝ ይለካል። ይህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ አፈር በራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚቀበርበት በካናዳው የዌይበርን ነዳጅ መስክ አካባቢ፣ በ2011 የእርሻ ባለቤቶች ከመሬታችን ጋዝ እየወጣ ነው ብለው ነበር። ተመራማሪዎች የካርቦኑን ዕድሜ መረመሩ። ከከርሰ ምድር ነዳጅ የመጣ ካርቦን እጅግ አሮጌ ነው፤ እዚያ የተገኘው ግን አዲስ ነበር፣ ከዕፅዋት ሥርና ከአፈር ተዋሲያን የመጣ።

እስከ መቼ ነው የሚጠበቀው?

ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላም ይቀጥላል። የአሜሪካ ደንብ በመደበኛው 50 ዓመት ይላል። በአውሮፓ ኅብረት የ2009 መመሪያ ደግሞ ድርጅቱ ቦታውን ለመንግሥት ለማስረከብ ቢያንስ 20 ዓመት መጠበቅ አለበት፤ የቁጥጥር ባለሥልጣኑ ካመነበት ሊያሳጥረው ይችላል። ሦስት ነገር ማሳየትም ይጠበቅበታል፦ ጋዙ በተገመተው መንገድ መሄዱን፣ የሚለካ ፍሳሽ አለመኖሩን፣ ወደ ረጅም ጊዜ መረጋጋት እያመራ መሆኑን። ከርክክቡ በፊት ቢያንስ ለ30 ዓመት ክትትል የሚበቃ ገንዘብ ያስቀምጣል። መንግሥት ከተረከበ በኋላ ክትትሉ ቀለል ሊል ይችላል፤ ፍሳሽ ከታየ ግን ተመልሶ ይጠናከራል።